«ታላቅ ደስታ ለብዙኃኑ»፦ ባለቤቱ ግማሹን የቆረጠው አባባል

«የመልካምና የክፉ መለኪያው ለብዙኃኑ የሚገኘው ታላቅ ደስታ ነው።» አባባሉ አንድን ሥራ በሠሪው ስም ወይም በልማዱ ዕድሜ አትመዝኑት ይለናል፤ ስንቱን አስደሰተ፣ ስንቱን አስለቀሰ ብላችሁ ጠይቁ ነው ነገሩ። ቅጣት እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ቅጣት ራሱ ሥቃይ ስለሆነ፣ ከእሱ የባሰ ሥቃይ ካልከለከለ በቀር ክፉ ነው።

አባባሉን ሁሉም ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጄረሚ ቤንታም ይሰጠዋል። በ1776 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ አስፍሮታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አየርላንድ የተወለደው ፈላስፋ ፍራንሲስ ሃችሰን ሐሳቡን ከ51 ዓመት በፊት፣ በ1725 ጽፎታል። ያውም «የሰዎቹ ክብር ቁጥርን ሊያካክስ ይችላል» የሚል ማሳሰቢያ ጨምሮበት ነበር። ማሳሰቢያው በመንገድ ቀረ፤ አጭር አባባል ሲጓዝ ጓዙን ይጥላል። በ1764 ጣሊያናዊው የሕግ አሳቢ ቼዛሬ ቤካሪያ «በብዙኃኑ መካከል የተከፋፈለ ደስታ» አለ። «የተከፋፈለ» የምትለዋን ቃል እኔ እወዳታለሁ።

ችግሩ አባባሉ ሁለት ብዛት መያዙ ነው፦ የደስታው ብዛትና የሰው ብዛት። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ይህን ያጋለጠው ደግሞ ተቃዋሚ ሳይሆን ቤንታም ራሱ ነው፤ በስተርጅናው ቁጭ ብሎ አሰላው። 4,001 ሰዎች ያሉበት ማኅበረሰብ አስቡ። 2,001ዱ ተስማምተው የቀሩትን 2,000 ባሪያ ቢያደርጓቸው፣ ለእያንዳንዱ ጌታ አንድ ባሪያ ይደርሰዋል ማለት ይቻላል፤ አንዱ ብቻ ባዶ እጁን ይቀራል። ብዙኃኑ ተደስተዋል፤ በአባባሉ ቃል ከሄድን ሥራው መልካም ሊባል ነው። ነገር ግን ባሪያው የሚያጣው፣ ጌታው ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል። ድምሩ ኪሳራ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን ከዚህ ወጥመድ ያመለጠ ይመስለኛል። እዚያ ሃምሳውም ሰው የየራሱን ሎሚ ይይዛል፤ ከቆጠራው ውጭ ሆኖ የሌላውን የሚሸከም የለም።

ቤንታም ከዚያ ስሌት በኋላ «ለብዙኃኑ» የሚለውን ትቶ «ታላቅ ደስታ» ብቻ ማለት መረጠ። በ1832 አረፈ፤ ሰው ግን ዛሬም ስሙን ሲጠራ የሚጠቅስለት ሳይቆረጥ በፊት የነበረውን ነው።