ስለ ጂብሰም ጌጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፎርማ ተጥሎ ወይም በእጅ ተቀርጾ ኮርኒስና ግድግዳ ላይ የሚገጠም የጂብሰም ጌጥ ሲሰነጠቅና ሲፈረፈር «ዱቄቱ ጥራት የለውም» ይባላል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከባልዲው ነው።

«የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው»

አይደለም። ጥሬው የጂብሰም ድንጋይ በ150 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ካለው ውሃ ሦስት አራተኛውን ያጣል፤ የሚሸጠው ዱቄት ይኸው ነው። ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይይዛል፣ ይሞቃል፣ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ያበቅልና እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ይህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ትርፉ ውሃ ተንኖ እስኪወጣ ግን ቀናት፣ ወፍራም ከሆነም ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ጠንክሯል ብሎ በማግስቱ ቀለም የሚቀባ ሰው ቀለሙ ሲያብጥ ያያል። በእሳት ላፋጥነው ማለትም አያዋጣም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ፊቱ ውሃውን ዳግም ያጣና በጣት ሲነካ ይረግፋል።

«ቀጠን ካለ ፎርማውን በደንብ ይሞላል»

ይሞላል፤ ግን ይደክማል። 1 ኪሎ ዱቄት ለመጠንከር የሚፈልገው 190 ግራም ያህል ውሃ ብቻ ነው። የቀረው እንዲፈስልን የምንጨምረው ሲሆን ሲተን ቦታው ክፍት ይቀራል። ለ1 ሊትር ውሃ 1.4 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይበቃል። ዱቄቱ ውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃ ዱቄት ላይ አይፈስም፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። ከውሃው በላይ ደረቅ ዱቄት ብቅ ሲል ይቆማል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠጣል፣ ከዚያ አየር ሳይገባው ከሥር ቀስ ተብሎ ይማሰላል። ለፎርማው ስስ ጉድጓዶች ማቅጠን ሳይሆን ብሩሽ ነው መፍትሔው፦ የመጀመሪያው ስስ ንጣፍ በብሩሽ እየተወጋ ይገባል፣ የአየር አረፋው ይፈነዳል፣ ቀሪው ከቃጫ ጋር ይደረብበታል።

ባልዲው ይታጠብ። የትናንቱ ቅሪት የአዲሱን ክሪስታል ዘር ስለሚሆን ውህዱ ገና ፎርማው ላይ ሳይፈስ እጅ ላይ ይይዛል፣ ማለትም ይጠነክራል።

«መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ቢደረግ ይለሰልሳል»

የተሰበረ ክሪስታል መልሶ አይቆላለፍም። ይጣል።

«ሲሚንቶ ጣል ቢደረግበት ይበረታል»

በሥራው ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ይህን ያህል ውድ የለም፤ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነውና። ጂብሰም ውስጥ ያለው ሰልፌት ከሲሚንቶው ጋር እርጥበት ባለበት ሲዋሃድ እያበጠ ጌጡን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ለዝናብ የተጋለጠ ግድግዳ ከሆነ ጂብሰሙን መተው ይሻላል፤ 1 ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ያሟሟዋል። እዚያ የኖራ ወይም የሲሚንቶ ጌጥ ይሠራል።

«ማጣበቂያው ጥሩ ከሆነ ብሎን አያስፈልግም»

1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ጌጥ 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማጣበቂያው የሚይዘው የግድግዳውን ቀለም ነው፤ ቀለሙ ሲላጥ ጌጡም አብሮ ይወርዳል። ቀለሙ ይፋቅ፣ ግድግዳውና የጌጡ ጀርባ ይጫር፣ ይርጠብ፣ ከዚያ በማይዝግ ብሎን ይታሰር። ተራ ሚስማር እርጥቡ ጂብሰም ውስጥ ዝጎ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል።

«የሚሰነጠቀው ስለሚኮማተር ነው»

እንዲያውም ሲጠነክር በጥቂቱ ይሰፋል፤ የፎርማውን ቀጭን መስመር ሁሉ አጥርቶ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። መጋጠሚያ ላይ በየጊዜው የሚመለስ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሕንፃው እንቅስቃሴ ነው። በስቱኮ ደጋግሞ ከመሙላት መጋጠሚያውን ከፍቶ ከኋላው በጂብሰም የተነከረ ቃጫ ማሰር ይሻላል።