ከሐዋሳ ወደ ክሩዝ መርከብ፦ ስለ ዳታና ስለ ስልክ ቢል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጆቻቸው አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች ከሐዋሳ ለጥየቃ ወይም ለምርቃት ሲሄዱ፣ ልጆቹ አንዳንዴ “እናትና አባታችንን አንድ ጊዜ እናዝናናቸው” ብለው የክሩዝ ትኬት ይቆርጣሉ። ክሩዝ ለቀናት ባሕር ላይ እየተጓዘ በየወደቡ የሚቆም ትልቅ የሽርሽር መርከብ ነው፤ ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስንና ሜክሲኮን ያዳርሳል፣ ወይም ከባርሴሎና ተነስቶ ማርሴይን፣ ጄኖዋንና ኔፕልስን ይዞራል። እኔ ፒያሳ አካባቢ ስልክ ስጠግን ስለምውል፣ ከጉዞው በፊት “ስልኬን አስተካክልልኝ” ብለው የሚመጡ እናቶችና አባቶች ይገጥሙኛል። ይዘውት የሚመጡት እምነት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ጉዳቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ ስልኩን እንዳለ ክፍት ይተዉትና ቢሉ የሚያርፈው ትኬቱን በቆረጠው ልጅ ላይ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ቢሉን ፈርተው ስልኩን ድርግም አድርገው ያጠፉትና ሐዋሳ ያለው ቤተሰብ ሳምንቱን ሙሉ “ምን አገኛቸው?” እያለ ይጨነቃል። ሁለቱንም ማስቀረት ይቻላል።

“ባሕር መሀል ኔትወርክ የለም፤ ስልኩ ቢከፈትም ምንም አይቆርጥም”

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ይኼ እምነት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ከአሞራ ገደል ጀልባ ተሳፍራችሁ ጉማሬ ልታዩ ስትሄዱ ስልካችሁ መሥራቱን አያቆምም። ሐይቃችን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ዳር ዳሩ ላይ የተተከሉት የኔትወርክ ማማዎች ይደርሱታል። ባሕር እንዲህ አይደለም። መርከቡ ከዳርቻው ሲርቅ የመሬቱ ሲግናል እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። እዚህ ድረስ የሰዉ ግምት ልክ ነው።

የሚሳሳቱት ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ብዙ የክሩዝ መርከቦች የራሳቸው የሞባይል ኔትወርክ አላቸው። በየኮሪደሩና በየፎቁ ትናንሽ አንቴናዎች ተገጥመዋል፤ እነሱ የስልኩን ሲግናል ይቀበሉና በሳተላይት አድርገው ወደ መሬት ያስተላልፋሉ። መርከቡ ወደብ ላይ ሲሆን ይህ ኔትወርክ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ ከዳርቻው 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ይበራል። ስልኩ ላይ “ሴሉላር አት ሲ” ወይም “ቴሌኖር ማሪታይም” የሚል ስም፣ አንዳንዴም በ901 የሚጀምር ቁጥር ብቻ ይታያል። ሲግናሉ ታዲያ ሙሉ ነው። እማማ ሙሉ ሲግናል ሲያዩ “ጎሽ፣ ኔትወርክ መጣ” ይላሉ።

የዚህ ኔትወርክ ዋጋ ከመሬቱ ጋር አይገናኝም። ልጆቹ የገዙት ወርሃዊ ጥቅል አይሸፍነውም፤ ለውጭ ጉዞ ተብሎ የሚሸጠው የሮሚንግ (ሲሙ በሌላ ድርጅት ኔትወርክ ላይ ሲሠራ የሚባለው) ጥቅልም አብዛኛውን ጊዜ መርከብን አይጨምርም። ጥቅል ከሌለ አንድ ሜጋባይት ብቻ በርካታ ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። እስቲ የአንዲት እናት ስልክ ምን እንደሚሠራ እንይ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ እሳቸው እራት ላይ ናቸው። የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሐዋሳ የተደረገ የቅልቅል ቪዲዮ ይለቀቃል፤ 60 ሜጋ ነው። ቴሌግራሙ ቪዲዮ ራሱ እንዲያወርድ የተስተካከለ ከሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ያወርደዋል። ዋጋው በሜጋ 5 ዶላር ነው ብንል፣ ያ አንድ ቪዲዮ 300 ዶላር በላ ማለት ነው። ቀን የተነሱት ፎቶዎች ወደ ጉግል ሲጫኑ፣ አፖች ሲታደሱ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ “እኔ እኮ ስልኬን አልነካሁትም” የሚለው ንግግር እውነት ነው፤ ግን ከቢል አያድንም። ውዱ ስልኩ በራሱ የሚሠራው ሥራ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ መርከቡ ላይ ሲወጡ፣ ከወደቡ ሳይነሳ፣ ኤርፕሌን ሞድ ማድረግ፤ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን፣ የስልኩን የሞባይል ኔትወርክ የሚዘጋውን ቁልፍ መጫን ማለት ነው።

“ካርድ ካለቀ ራሱ ይቆማል”

እኛ አገር አዎ። በ*999# የሰዓት፣ የቀን ወይም የሳምንት ጥቅል ገዝተን፣ ሲያልቅ ያልቃል። አብዛኞቻችን ቀድመን ስለምንከፍል፣ ከሞላነው በላይ ዕዳ የሚመጣብን አይመስለንም። አሜሪካ ያለች ልጅ ለእናቷ የምታወጣላት ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ በራሷ ስም ባለ የቤተሰብ መስመር ላይ የተጨመረ ነው። እሱ ካርድ አያውቅም፤ ቆጥሮ ቆጥሮ በወሩ መጨረሻ ቢል ይልካል። መርከቡ ላይ የሚያስቆመው ነገር ላይኖር ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሲም ለሚጠቀሙ ትንሽ መከላከያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኅብረቱ የሮሚንግ ደንብ፣ ዳታው 50 ዩሮ ሲደርስ እንዲቋረጥ የሚያዘውን ገደብ በመርከብና በአውሮፕላን ኔትወርክም ላይ እንዲሠራ አድርጓል። 50 ዩሮም ቢሆን ሳያውቁ የሚያወጡት ገንዘብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች መካከል ሮሚንግ ተጨማሪ ክፍያ የለውም የሚለውም ለመሬት ኔትወርክ ብቻ ነው። ከጣሊያን ወደ ስፔን በባቡር ብትሄዱ ይሠራል፤ በመካከሉ ባለው ባሕር ላይ አይሠራም።

ልጆች ሆይ፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ከጉዞው በፊት የስልክ ድርጅታችሁ ጋ ደውላችሁ በወላጆቻችሁ መስመር ላይ የመርከብ ሮሚንግ እንዲዘጋ ጠይቁ። ወላጆች ደግሞ ከሐዋሳ ይዛችሁት ስለምትወጡት ሲም ገና እዚሁ ሳላችሁ 994 ደውላችሁ በምትሄዱበት አገር ምን እንደሚያስከፍል አጣሩ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም “ዳታ ሮሚንግ” የሚለውን አጥፉት።

“ኤርፕሌን ሞድ ከሆነ ዋይፋይም አይሠራም”

ይሠራል። ኤርፕሌን ሞድ ካደረጋችሁ በኋላ ዋይፋይን ለብቻው መልሳችሁ አብሩት። ከላይ የአውሮፕላኗም የዋይፋዩም ምልክት አብረው ከታዩ ልክ ናችሁ፤ በዚህ ሁኔታ የሞባይል ቢል የሚመጣበት መንገድ የለም። ለወላጆች ይህን በቃል ከመናገር ስልኩን እጃቸው ላይ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሳቸው እንዲሠሩት ማድረግ ይሻላል።

“የመርከቡ ዋይፋይ እንደ ሆቴል ነጻ ነው” እና “የመርከብ ዋይፋይ አይረባም፣ ገንዘብ ማባከን ነው”

ሁለት ተቃራኒ እምነቶች ናቸው፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ዋይፋዩ ራሱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን ይሸጣል። የመርከቡን አፕ ቀድማችሁ መሬት ላይ ካወረዳችሁት፣ ያለ ኢንተርኔት ጥቅል የቀኑን ፕሮግራም፣ ምግብ ቤቶቹንና የመመለሻ ሰዓቱን ያሳያችኋል። በአንዳንድ መርከቦች በዚሁ አፕ እርስ በርስ መጻጻፍ ይቻላል፤ አንዳንዱ በነጻ፣ አንዳንዱ በትንሽ ክፍያ። አባባ አንድ ፎቅ ላይ፣ ልጆቹ ሌላ ፎቅ ላይ ሆነው ለሚጠፋፉበት መርከብ ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

የኢንተርኔቱ ጥቅል በቀንና በመሣሪያ ይቆጠራል፤ በብዙ መርከቦች ለአንድ ስልክ በቀን ከ15 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ነው። ከመሳፈር በፊት በድረ ገጻቸው ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ መርከቡ ላይ ወጥቶ ለመግዛት መጠበቅ ያለምክንያት መክፈል ነው። አምስት ሰው ከሆናችሁ አምስት ጥቅል አያስፈልጋችሁም። በብዙ መርከቦች የአንድ መሣሪያ ጥቅል ሲገዛ አንዱ ሲወጣ ሌላው መግባት ይችላል። እማማ ጠዋት ሐዋሳ ደውለው ይጨርሱና ይወጣሉ፤ ልጅየው ማታ በዚያው ጥቅል ይገባል።

“አይረባም” የሚለው ከድሮው ልምድ የመጣ ነው። ቀደም ሲል መርከቦች የሚጠቀሙባቸው ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለነበሩ ድምፅ እየዘገየ፣ ምስል እየቆመ ያስቸግር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሮያል ካሪቢያንን የመሰሉ ድርጅቶች 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚዞሩትን የስታርሊንክ ሳተላይቶች መጠቀም ስለጀመሩ፣ አሁን በዋትሳፕ ወይም በኢሞ መነጋገር በደንብ ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ጥቅሉ ጥሪን ይፈቅዳል ወይስ ለመልእክት ብቻ ነው የሚለውን እዩ፤ ርካሹ ጥቅል ብዙ ጊዜ ጥሪ አይፈቅድም።

የኔ ምክር ግን ይህ ነው፦ በየወደቡ ለሚቆም አጭር ጉዞ የኢንተርኔት ጥቅሉ ላያስፈልግ ይችላል። ቀድማችሁ ለቤተሰብ “ሰኞና ረቡዕ ወደብ ላይ ስንደርስ እንደውላለን፤ በመሀል ዝም ብንል አትጨነቁ” ብላችሁ ንገሩ። ጭንቀት የሚፈጠረው መቼ እንደሚደወል ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

“ኢሲም ከገዛሁ መርከቡም ላይ ይሠራል”

ኢሲም ፕላስቲክ የሌለው፣ በኢንተርኔት ተገዝቶ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም ነው። ርካሽ ነው፤ ለወደብ ግን እንጂ ለባሕር አይደለም። “ለካሪቢያን” ወይም “ለአውሮፓ” ተብሎ የሚሸጠው በነዚያ አገሮች የመሬት ማማዎች ላይ ብቻ ይሠራል። መርከቡ ወደብ ሲደርስ ኤርፕሌን ሞዱን ታነሳላችሁ፣ ዳታውን በኢሲሙ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ቪዲዮ ኮል ታደርጋላችሁ፣ ፎቶ ትልካላችሁ፤ ስትሳፈሩ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ። ብዙ አገር ለሚያዳርስ ጉዞ በየአገሩ ከመግዛት ለአካባቢው በሙሉ የሚሠራ አንድ መግዛት ይሻላል፤ የአገሮቹን ዝርዝር ግን አንብቡ። ለምሳሌ ቱርክ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች የግሪክ ደሴቶችንና የቱርክን ወደብ አንድ ላይ በሚያዳርስ ጉዞ ላይ ሰው ይታለላል። ከግሪክ ደሴቶች አንዳንዶቹ ለቱርክ ዳርቻ በጣም ቅርብ ስለሆኑ፣ ግሪክ ላይ ቆማችሁም ስልኩ የቱርክን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል።

ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር እዩ። ስልኩ ኢሲም ይቀበላል ወይ? አይፎን ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ኤክስ ኤስ ጀምሮ ይቀበላል፤ ሐዋሳ ገበያ ላይ በብዛት የምናያቸው ርካሽ አንድሮይዶች ግን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ሌላው፣ ስልኩ ለአንድ የቴሌ ድርጅት ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑ ነው፤ ከአሜሪካ በውል የተገዛና ተቆልፎ የመጣ ስልክ የሌላ ድርጅት ኢሲም አይጭንም። ጭነታችሁንም ቤት ውስጥ፣ ዋይፋይ ባለበት ጨርሱ።

“ዋይፋይ እስካለ ድረስ ቴሌብርም ባንክም ይሠራል”

በ*127# ወይም በ*847# መጠቀም የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። እነዚህ ኮዶች የሚሄዱት በሲሙ ኔትወርክ እንጂ በኢንተርኔት አይደለም፤ ዋይፋይ ምንም አይረዳቸውም። ባንኩ በቴክስት የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥርም ሲሙ ኤርፕሌን ሞድ ላይ እስካለ አይደርስም። የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የዕቁብ ክፍያ ካለባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፈጽሙት፤ አለበለዚያ ለምታምኑት ሰው ገንዘቡን ስጡት። የባንክ ፒንና የማረጋገጫ ቁጥር ግን ለዘመድም ቢሆን አይሰጥም።

በዚሁ ምክንያት ጉዞ ላይ ሳላችሁ ከቴሌግራምና ከዋትሳፕ አትውጡ፤ አፑንም አታጥፉት። ተመልሶ ለመግባት ኮድ በቴክስት ይጠይቃችሁና፣ ቴክስቱ የማይደርስበት ቦታ ላይ ናችሁ።

“ዳታ ከሌለ ካርታም የለም፤ ሰዓቱን ግን ስልኩ ያውቃል”

ካርታው ያለ ዳታ ይሠራል። የወደቡን ከተማ ካርታ ቤት ሳላችሁ ጉግል ማፕ ላይ ካወረዳችሁት፣ ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳየው ከሳተላይት የሚመጣው የጂፒኤስ ሲግናል ሲሆን እሱ አያስከፍልም። የመርከቡን መቆሚያ ከመውረዳችሁ በፊት ምልክት አድርጉበት።

ሰዓቱ ነው አስቸጋሪው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያለ ስልክ ሰዓቱን ላያስተካክል ይችላል፤ ወደብ ላይ ስትከፍቱት ደግሞ የዚያን አገር ሰዓት ይይዛል። የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። መርከቡ የማያሚን ሰዓት ይዞ ከቀጠለና “16:30 ላይ ተሳፍራችሁ ጨርሱ” ካለ፣ እሱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10:30 ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ስልኩ የሚያሳየው 15:30 ነው። ገና አንድ ሰዓት አለን ብሎ ገበያ ውስጥ የሚዞር ሰው መርከቡ ያመልጠዋል። ከመውረዳችሁ በፊት ለመርከቡ ሠራተኛ የመርከቡ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ የእጅ ሰዓታችሁን በዚያ ሙሉት። መመለሻውን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ እናታችሁ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡላቸው።