«ሪህ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ አውራ ጣት ጉብታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ምሽት ላይ ቁጭ ብሎ የአላፊ አግዳሚውን ነጠላ ጫማ ያየ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። የእግር አውራ ጣት ወደ ሁለተኛው ጣት ተጋድሞ፣ ከሥሩ በውስጥ በኩል ጉብ ያለ ነገር ይታያል። ሐኪሞች ባኒየን ይሉታል። ሰፈር ውስጥ የሚባለው ግን ሌላ ነው።

«ሪህ ነው።» ሪህ ድንገት ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ እንደ እሳት ይፋጃል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ አያስችልም። ከዚያ በቀናት ውስጥ ይተዋል። ባኒየን ግን ቀስ እያለ ዓመታት ይፈጃል። ጫማ ሲያደርጉ ያማል፣ ሲያወልቁ ረገብ ይላል። ቁርጥ እርም ብትሉም ጉብታው አይቀንስም። ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ስለሚወጡ ድንገት ከጋለና ካበጠ በግምት አትለፉት፤ ተመርመሩ።

«ትርፍ አጥንት በቅሎ ነው፣ ወጌሻ ይመልሰዋል።» ከጣቱ ኋላ ያለው ረጅም አጥንት ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ጉብ የሚለው በአብዛኛው ያው የነበረው መገጣጠሚያ ነው። ታሽቶ አይመለስም፤ እንዲያውም የቆጣ እብጠት ማሸት ሕመም መጨመር ነው።

«ካላመመኝ የለብኝም።» ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። የለመዳችሁትን ጫማ አንሱና እዩት። በአውራ ጣት ሥር በኩል ቆዳው ተወጥሮ ከተነፋ እግራችሁንም እዩ። (ቦንዳ ጫማ ከሆነ አትመኑት፣ የቀድሞው ባለቤት እግር ይሆናል።) ሌሎቹ ምልክቶች፦ ጉብታው ላይ መቅላት፣ በሁለቱ ጣቶች መካከል የደደረ ቆዳ፣ አውራ ጣትን እንደ ልብ ማጠፍ አለመቻል፣ ሁለተኛው ጣት አውራ ጣት ላይ መውጣት።

«ታኮ ጫማ ያመጣው ነው።» ሹልና ታኮ ጫማ ያባብሰዋል። ግን የእግር ቅርጽ በዘር ይወረሳል፤ ታኮ አድርገው የማያውቁ ወንዶችም አሉባቸው።

«በጣት መለያያ ይቃናል።» መለያያው ሕመም ያስታግስ ይሆናል፤ የአዋቂን አጥንት ግን አያቃናም። የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና ነው፣ እሱም ሕመሙ መራመድ ለከለከለው እንጂ ለመልክ ብቻ አይመከርም። ለብዙው ሰው ከፊት ሰፋ ያለ ጫማ ይበቃዋል። ስኳር ያለበት ሰው ግን እግሩ ደንዝዞ ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል ጉብታው ላይ ትንሽ ቁስል ካየ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።