የሬጆ ኤሚሊያ የሕፃናት ትምህርት አቀራረብ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሬጆ ኤሚሊያ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፓርማና በሞዴና መካከል የምትገኝ የኤሚሊያ ሮማኛ ክልል ከተማ ናት። የኢጣሊያ ባለ ሦስት ቀለም ሰንደቅ ዓላማ በ1797 ለመጀመሪያ ጊዜ የታወጀው በዚህችው ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በትምህርቱ ዓለም ስሟን ያስጠሩት ግን የማዘጋጃ ቤቷ መዋዕለ ሕፃናት እና ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚውሉባቸው ማቆያዎች ናቸው። እነዚህ ተቋማት ሥዕልን፣ ሸክላን፣ ሙዚቃን፣ እንቅስቃሴንና የብርሃንና የጥላ ጨዋታን የዕረፍት ሰዓት ማለፊያ አያደርጓቸውም፤ ልጅ የሚያስብባቸውና ሐሳቡን የሚገልጽባቸው ዋና የትምህርት መንገዶች ያደርጓቸዋል።

የአቀራረቡ መነሻ ከከተማዋ ወጣ ብላ የምትገኘው ቪላ ቼላ የተባለች መንደር ናት። በ1945 የጸደይ ወር፣ ኢትዮጵያን ወርሮ የነበረው የፋሺስት አገዛዝ በገዛ አገሩ በወደቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የመንደሩ ነዋሪዎች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለመሥራት ተነሡ። ለሥራ ማስጀመሪያ ያገኙት ገንዘብ ጀርመኖች ሲሸሹ ጥለውት የሄዱት አንድ ታንክ፣ የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ተሽጠው የተገኘ ነበር። የመኪናዎቹና የፈረሶቹ ቁጥር ከተራኪ ተራኪ ይለያያል፤ የታንኩ ነገር ግን በሁሉም ዘንድ ይነገራል። መሬቱን አንድ ገበሬ ሰጠ፤ ጡቡ በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች ተለቀመ፤ አሸዋው ከወንዝ ተጋዘ፤ ጉልበቱም የመንደሩ ሰው በእሑድና በማታ የሚያዋጣው ነበር። በአካባቢው የሚያስተምረው ወጣት ሎሪስ ማላጉዚ ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ወደ ቼላ ሄደ፤ ሲደርስም ሴቶች አሮጌ ጡብ ሲያጥቡ አገኘ። ትምህርት ቤቱ ኢጣሊያ ነፃ የወጣችበትን ዕለት ለማሰብ «ኤፕሪል 25» ተባለ። የሬጆ ትምህርት ቤቶች ታሪክ በባለሙያ ንድፍ ሳይሆን በወላጆች፣ ከሁሉም በላይ በሴቶች ውሳኔ መጀመሩ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው።

ማላጉዚ በ1920 በሬጆ ኤሚሊያ አቅራቢያ በምትገኘው በኮሬጆ ከተማ ተወለደ። የመንግሥት መምህርነቱን ትቶ በሮም ሥነ ልቡና ካጠና በኋላ ተመልሶ ችግር ያለባቸውን ልጆች በሚረዳ የማዘጋጃ ቤት ማእከል ሠራ፤ በወላጆች የሚተዳደሩትን ትምህርት ቤቶችም አልተለያቸውም። የኢጣሊያ ሴቶች ኅብረት በ1950ዎቹ ባደረገው ያልተቋረጠ ግፊት፣ በ1963 የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት መዋዕለ ሕፃናት «ሮቢንሰን» በሁለት ክፍሎች ተከፈተ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከስድስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች በአብዛኛው የምታስተምረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች፣ የማዘጋጃ ቤቱ እርምጃ ብዙ ሰው አላስደሰተም። በ1967 የወላጆቹ ትምህርት ቤቶች ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተጠቃለሉ፤ በ1971ም የመጀመሪያው የሕፃናት ማቆያ ተከፈተ።

የቤተ ክርስቲያኗ ወገን ተቃውሞ በ1976 በብሔራዊ ሬዲዮ ጭምር ሲተላለፍ፣ የከተማዋ አስተማሪዎች በራቸውን አልዘጉም። የካህናቱን ወገን ወደ ትምህርት ቤቶቹ ጋብዘው ወራት የፈጀ ግልጽ ውይይት አደረጉ። ይህ የጨዋነት ምላሽ ለትምህርት ቤቶቹ ከብዙ ምስጋና በላይ ይመሰክራል።

የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሕንፃ ራሱ እንደ መምህር ይታያል። መሐል ላይ የሁሉም ክፍሎች ልጆች የሚገናኙበት ሰፊ ፒያሳ አለ። ወጥ ቤቱ ከዕይታ አይደበቅም፤ ወጥ ሠሪዋም ከትምህርቱ ባልደረቦች አንዷ ተደርጋ ትቆጠራለች። ልዩ መታወቂያው ግን አቴሊየር የሚባለው የሥነ ጥበብ ክፍል ነው፤ ይህን የሚመራው አቴሊየሪስታ ከመምህራን ኮሌጅ ሳይሆን በአብዛኛው ከጥበቡ ዓለም የመጣ ሰው ነው። በአንድ ክፍል የሚመደቡት ሁለቱ መምህራን እኩል ደረጃ ያላቸው ሲሆኑ፣ ያንኑ የልጆች ቡድን ይዘው ሦስት ዓመት ይዘልቃሉ። ልጆቹ የተናገሩትን ይጽፋሉ፣ የሠሩትን በፎቶግራፍ ያስቀራሉ፤ ከዚያም ፔዳጎጂስታ ከሚባለው አማካሪ ጋር ተቀምጠው ይወያዩበታል። አስቀድሞ የተወሰነ ዓመታዊ ትምህርት ስለሌለ፣ የነገው ሥራ ከዚህ ውይይት ይወጣል። አካል ጉዳተኛ ልጆች «ልዩ መብት ያላቸው» ተብለው በቅበላ ቅድሚያ ያገኛሉ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በዲያና መዋዕለ ሕፃናት የተሠራ አንድ ሥራ ያሳያል። ትምህርት ቤቱ ከነበረው ጠረጴዛ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ጠረጴዛ አስፈለገውና ልጆቹ አናጺ ይጠራ አሉ። አናጺው ልኩን እንዲነግሩት ጠየቃቸው። በጣት፣ በእጅ፣ በእግር፣ በራሳቸው ቁመትም ለኩት፤ የአንዱ ልኬት ከሌላው አልገጥም ሲል ከወረቀት የየራሳቸውን መለኪያ ሠሩ፤ እሱም አልገጠመም። በመጨረሻ የአንድ ልጅ ጫማ የጋራ መለኪያ እንዲሆን ተስማሙ፤ ከጫማውም ወደ ሜትሩ ተሻገሩ። መምህራኑ ሜትር አውጥተው ቢሰጧቸው ኖሮ ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ሰዎች ለምን አንድ መለኪያ እንደሚያስፈልጋቸው ግን ማንም ልጅ አይደርስበትም ነበር። በላ ቪሌታ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹ ለግቢው ወፎች መዝናኛ ቦታ እንሥራ ብለው ተነሡና፣ የውኃ ፏፏቴና የውኃ መዘውር የሞላበት መናፈሻ በ1992 መረቁ።

በ1981 የተጀመረው የልጆች ሥራ ኤግዚቢሽን «የሕፃናት መቶ ቋንቋዎች» በሚለው ስሙ ብዙ አገሮችን ዞሯል። በ1991 ኒውስዊክ መጽሔት ዲያናን ከዓለም ምርጥ ትምህርት ቤቶች መካከል መቁጠሩ እንግዳውን አበዛው። ማላጉዚ በጥር 1994 በድንገት አረፈ፤ በዚያው ዓመት ከውጭ አገር ጋር የሚደረገውን ግንኙነት የሚመራው «ሬጆ ቺልድረን» ተቋቋመ፤ በ2006ም በስሙ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ማእከል በቀድሞ የአይብ መጋዘን ውስጥ ተከፈተ።

የአቀራረቡን ውጤት በቁጥር ለመለካት ከተደረጉት ሙከራዎች የሚጠቀሰው፣ ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ሄክማን ከባልደረቦቹ ጋር ሬጆን ከፓርማና ከፓዶቫ ጋር ያነጻጸረበት ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት፣ በሬጆ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ሰዎች ከነጭራሹ መዋዕለ ሕፃናት ካልገቡት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፤ ከሌሎች መዋዕለ ሕፃናት ከወጡት ጋር ሲነጻጸሩ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። አጥኚዎቹ እንደ አንድ ምክንያት የጠቆሙት፣ የአካባቢው ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ከሬጆ አሠራር ብዙ ነገር መውሰዳቸውን ነው፤ ይህም አሳማኝ ይመስላል። ሌሎች ተቺዎች ደግሞ የተጻፈ ሥርዓተ ትምህርትና መደበኛ ፈተና አለመኖሩ የልጁን እድገት ለመከታተል ያስቸግራል ይላሉ። ለዚህ የሬጆ ሰዎች መልሳቸው በየግድግዳው የተለጠፈው፣ ማንኛውም ወላጅ ቆሞ የሚያነበው የልጆቹ ሥራና ንግግር ነው።

ከሬጆ ኤሚሊያ ውጭ በዚህ ስም የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች በብዙ አገሮች ቢኖሩም፣ ራሳቸውን የሚገልጹት በአቀራረቡ የተነቃቁ በማለት ነው፤ ሞንተሶሪ የተባለው የሕፃናት ትምህርት ዘዴ ለመምህራን የሚሰጥ የብቃት ምስክር ወረቀት ሲኖረው፣ የሬጆ አቀራረብ ግን የለውም። በከተማዋ ውስጥ የትምህርት ቤቶቹ ባለቤት እስከ ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ሲሆን፣ ወላጆች የሚከፍሉት እንደ ገቢያቸው ነው።