ሬዲሜድ ምንድን ነው?

ሬዲሜድ ፋብሪካ ያመረተው ተራ ዕቃ ሆኖ፣ ሠዓሊው ስለመረጠው ብቻ የጥበብ ሥራ ተብሎ የሚቀርብ ነገር ነው። የጀመረው ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻምፕ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1913 የብስክሌት ቸርኬ በርጩማ ላይ ተከለ፤ በ1914 የጠርሙስ ማድረቂያ፣ በ1915 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ የበረዶ አካፋ ገዝቶ ሥራዬ ነው አለ። ከሁሉም የታወቀው ግን በ1917 «አር. መት» ተብሎ የተፈረመበት የወንዶች መሽኛ ሳህን ነው። 6 ዶላር የከፈለ ሁሉ ያለ ዳኛ ሥራውን ያሳያል በተባለበት ኤግዚቢሽን ሳይታይ ቀረ።

ያ ሳህን ጠፍቷል። ዛሬ በየሙዚየሙ ከሚታዩት አብዛኞቹ በ1964 በዱሻምፕ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። «ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሥራው ያለው ምርጫው ላይ ስለሆነ፣ ሸክላው ቢሰበርም ቢጠፋም ሊተካ ይችላል።

ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ የወሰደው አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮሱት ነው። በ1965 በሠራው «አንድ እና ሦስት ወንበሮች» ውስጥ የማይለወጡት ፊርማው ያለባቸው ሁለት ወረቀቶች ብቻ ናቸው፦ የ«ወንበር» የመዝገበ ቃላት ፍቺና የአተካከል መመሪያው። ወንበሩን የሚመርጠው ሥራውን የሚተክለው ሰው ነው። ወንበሩ ግድግዳው ፊት ይቀመጥና እዚያው ባለበት ፎቶ ይነሣል። ፎቶው የወንበሩን ትክክለኛ መጠን እስኪያክል ጎልቶ ይታተምና በስተግራ ይሰቀላል። ፍቺውም በትልቁ ታትሞ በስተቀኝ ይሰቀላል፤ የላይኛው ጠርዙ ከፎቶው የላይኛው ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ሥራው ወደ ሌላ አዳራሽ ሲሄድ የድሮውን ፎቶ መስቀል ነገሩን ያበላሸዋል። ፎቶው ላይ ያለው ወለል ከእውነተኛው ወለል ካልገጠመ፣ የተመልካቹ ዓይን ልዩነቱን ፍለጋ ይሄዳል፤ ከሦስቱ ወንበሩ የትኛው ነው የሚለው ዋና ጥያቄም ይረሳል። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ካዘነበለም የወንበሩ እግሮች ይጣመማሉ፤ ያን ጊዜ ፎቶው የቱንም ያህል ቢጎላ ከወንበሩ ጋር አይመሳሰልም።

የጣሊያናዊው ሠዓሊ የማውሪዚዮ ካቴላን ሙዝ (2019) የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ገዢው የሚረከበው ማረጋገጫ ሰርተፍኬትና መመሪያ ነው፤ እውነተኛ ሙዝ ከወለሉ 175 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ሲበሰብስ ይቀየራል። በኅዳር 2024 አንዱን በ6.2 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሰው ሙዙን በላው፤ ሥራው ግን የእሱ መሆኑ አልቀረም። ሰርተፍኬቱን ቢያጠፋ ነበር ጉዱ።

ተራ ዕቃ የታየበት ሁሉ ግን ሬዲሜድ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ አዲስ አበባ ላይ ከተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎችና ሽቦዎች የሚሠራቸው ሰሌዳዎች ሽቦው በእጅ ተጎንጉኖ፣ ቀለሙ ተመርጦ የተደራጁ ናቸው፤ እጁ ከሌለበት ሥራው የለም። በ2024 ደግሞ ኔዘርላንድስ፣ ሊሰ ከተማ ባለው «ላም» (LAM) በተባለ ሙዚየም አንድ የሊፍት ቴክኒሺያን ሁለት ባዶ የቢራ ጣሳ አይቶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለ። ጣሳዎቹ የሠዓሊው የአሌክሳንድር ላቬ ሥራ ነበሩ፤ ላያቸው ላይ ያለውን ጽሑፍና ሥዕል በሙሉ በአክሪሊክ ቀለም የሣለው እሱ ነው። ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ደህና ሆነው ተገኙ። ባይገኙ ኖሮ ሁለት ቢራ ገዝቶ መተካት አይቻልም ነበር።