የፊት ምስል፦ ከሰሜን ሸዋ ደጃፍ እስከ ዓለም ፎቶ አንሺዎች

በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው ካሜራ ፊት መጀመሪያ የሚቀርበው ለጉርድ ፎቶ ነው፤ ለፈተና፣ ለመታወቂያ ወይም ለፓስፖርት። ፎቶ ቤት ይገባል፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ ኮት ከሌለው ለደንበኛ ከተሰቀለው አንዱን ይዋሳል። «ቀና በል፣ ትንሽ አገጭህን ዝቅ» ይባላል። ብልጭ ይላል፣ አለቀ። የፊት ምስል፣ ማለትም ፖርትሬት የምንለው፣ ከዚህ ይሰፋል፦ አንድን ሰው ዋና ጉዳይ አድርጎ በፊቱ፣ በአቀማመጡ፣ በእጁና በልብሱ ማንነቱን ለማሳየት የሚነሣ ፎቶግራፍ ነው። ዘርፉን ያሳደጉትን የዓለም ፎቶ አንሺዎች ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ጥያቄ ይዞ ቢነሣ መልካም ነው እላለሁ፦ ምስሉ እንዲነሣ የፈለገው ማን ነው? ባለፊቱ ነው ወይስ ካሜራ የያዘው?

ጥያቄው ለእኛ ከአንኮበር ይጀምራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎቶግራፍ በፓሪስ በይፋ የታወጀው በ1839 ነው። በ1841 በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ ልዑክ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሸዋ ገባ፤ አብሮት የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ አገሩን በእጁ ሣለ። የዚያ ዘመን ሸዋ መልክ ለውጭ ሰው የደረሰው በእንዲህ ያለ የእንግዳ እጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሁለት ልጆች ታሪክ አለ። በ1855 ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ አንጎለላ የተወለዱት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በኋላም መቅደላ አምባ ላይ በግዞት ኖሩ። በ1865 አምልጠው ሸዋ ተመለሱና ነገሡ። ከአምባው ያላመለጠው የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ነበር። በ1868 አባቱ ሞቱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ፤ የ7 ዓመቱ ልጅ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ደረሰ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራዋን ደቀነችበት። ካሜሮን የፊት ምስል ታሪክ ሲነሣ ስሟ ከፊት የሚጠራ ሴት ናት። የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ ከልጇና ከአማቿ በስጦታ ነው። ቻርልስ ዳርዊንንና ባለቅኔውን ቴኒሰንን አንሥታለች፤ ደብዘዝ ያለ፣ ለስላሳ ብርሃን ያረፈበት ሥራዋ ዛሬም ልብ ይነካል። የዓለማየሁ ምስል ግን ባየሁት ቁጥር ያስለቅሰኛል። የአገሩን ልብስ ለብሷል፤ ዓይኑ ውስጥ ግን ልጅነት የለም። ልጁን «ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስልም። በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ።

ምኒልክ በተቃራኒው ፎቶን በራሳቸው ፈቃድ ተጠቅመውበታል፤ ዘውድ ጭነው፣ ካባ ደርበው፣ እንዴት መታየት እንዳለባቸው እያወቁ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጃን የቤተ መንግሥታቸው ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው ተከታዮቹን ነገሥታት አነሡ። ሌላው አርመናዊ፣ በ1908 ማርዲን ተወልዶ በወጣትነቱ ካናዳ የገባው ዩሱፍ ካርሽ፣ በ1941 መጨረሻ ዊንስተን ቸርችልን ሲያነሣ ሲጋሩን ከአፉ ነጥቆ የተቆጣውን ፊት ቀረጸ። ይህ ምስል በዓለም ታወቀ። ሥራው ድንቅ ነው፤ ሆኖም የተነጠቀ ፊት ነው።

የተሰጠ ፊት ማየት የሚሻ ወደ ባማኮ ይሂድ። ሴይዱ ኬይታ በማሊ ዋና ከተማ ስቱዲዮውን የከፈተው በ1948 ነው። ሰዎች ከፍለው፣ ለብሰውና አጊጠው ይመጡ ነበር፤ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ሞተር ሳይክል የሚያውሳቸው እሱ ነበር፣ ልክ የእኛ ፎቶ ቤት ኮት እንደሚያውሰው። የሚሠራው ባብዛኛው በቀን ብርሃን፣ ግቢው ውስጥ ነው። የመጀመሪያው መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር፤ መጋረጃውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር ፎቶዎቹ የተነሡበትን ዘመን የሚለየው በጨርቁ ነው። መንዝ ውስጥ ባና ያልተሸመነበት መንደር የለም ማለት ይቻላል፤ በግ ጠጉሩን ሰጥቶ፣ እናት ፈትላ፣ ሸማኔ የሠራው ወፍራም ባና ከኬይታ አልጋ ልብስ በምን ያንሳል? የጨርቁ ሸካራነት ከአዛውንት ፊት ጎን ሲሆን ፊቱን ያጎላዋል።

የኬይታ ታናሽ የአገሩ ልጅ ማሊክ ሲዲቤ የወጣቶችን ጭፈራ አንሥቶ በ2007 በቬኒስ ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተቀብሏል። ሳሙኤል ፎሶ በ1975 በ13 ዓመቱ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ላይ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ከደንበኛ የተረፈ ፊልም ላይ ራሱን እያነሣ ናይጄሪያ ላለችው አያቱ ይልክ ነበር። ናይጄሪያዊው ኦጄይከሬ ከ1968 ጀምሮ የሴቶችን የፀጉር አሠራር ሰንዷል፤ ለሹሩባ፣ ለጋሜና ለቁንጮ እንዲህ ያለ ትጋት ያሻል።

ጀርመናዊው አውጉስት ዛንደር ለመንዝ ገበሬ ቅርብ ነው ብዬ አስባለሁ። ከኮሎኝ እየወጣ በቬስተርቫልት የገጠር ሰዎችን፣ ከዚያም ዳቦ ጋጋሪውን፣ ጠበቃውን፣ ሥራ አጡን አነሣ። ሁሉንም በእኩል ክብር፣ ፊት ለፊት። በ1929 60 ምስሎች በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1936 ናዚዎች የማተሚያ ሰሌዳዎቹን አጠፉ። እያንዳንዱ ሰው ራሱን ሆኖ መቆሙ አላስደሰታቸውም።

ፊት ለፊት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የጥንት ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ሰይጣንና ከሓዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እናቶቻችን ካሜራ ፊት ቀጥ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው የሚቀመጡት ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብዬ አምናለሁ። «ፈገግ በሉ» እያሉ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

የሥነ ጥበብ እርቃን ፎቶ ከፊት ምስል ጋር አብሮ ያደገ ዘርፍ ነው። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ እረዳለሁ። ነገር ግን የዘርፉ ታላላቆች ገላን የሚያዩት ሸክላ ሠሪ እንስራዋን እንደምታይ ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፍበትን ጎን፣ ጥላው የሚታጠፍበትን። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 አንዲት ቃሪያ ያነሣበትና በ1936 ባልደረባውን ቻሪስ ዊልሰንን አንገቷን ደፍታ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ያነሣበት ዓይን አንድ ነው። በእነሱም አገር ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ኢሞጅን ከኒንግሃም በ1915 የገዛ ባሏን በሬኒየር ተራራ እርቃኑን በማንሣቷ ብዙ ተወግዛለች። እንግሊዝ የኖረው ቢል ብራንት በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ገላን ከባሕር ዳር ድንጋይ ጋር እስኪመሳሰል አቅርቦ አሳየ።

በእኛ ዘንድ እርቃን ጨርሶ አልተሣለም ማለት ስሕተት ነው። አዳምና ሔዋን አሉ፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ልብስ ሳይሆን ፀጉር ሸፍኗቸው በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመዋል። ጠበልም አለ። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ለጠበል የተራቆተ ገላ በሰውየውና በፈጣሪው መካከል ያለ ነገር ነው፤ እዚያ ካሜራ መምዘዝ ነውር ነው። ቻሪስ ዊልሰን ደጃፉ ላይ የተቀመጠችው ፈቅዳ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ይኸው ነው።

ስለ ደጃፍ ከተነሣ፣ የአካባቢያችን ምርጥ ስቱዲዮ እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የመንዝ ደጋ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላ ትጥላለች፣ ግንባርን ታነዳለች። መንዝ ውስጥ የድንጋይ ቤት በር ላይ እንዝርት የያዙ እናት አሉ እንበል። ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቢቀመጡ ፀሐይዋ አትነካቸውም፤ የሰማዩ ብርሃን ብቻ ከፊት ይገባል፤ ከኋላቸው ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ ይጨልማል። ያኔ የአንገታቸው ንቅሳት ይለያል፣ ማተባቸው ይታያል፣ በጣታቸው መካከል የሚያልፈው ክር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፊታቸው ወዝ ያወጣል። ይህን ወዝ የስልካችን ፊት ማለስለሻ ያጠፋዋል፤ ከማንሣት በፊት መዝጋት ነው።

የዛሬዎቹን ማየት ለሚፈልግ ቅርቡ አዲስ አበባ ነው። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከብዙ አገር የመጡ ሥራዎችን አንድ ቦታ አገናኝቷል፤ የራሷ ሥራዎች ፊትን በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ቀብተው ከአካል ማስዋብ ልማዶቻችን ጋር ያነጋግሩታል። ሚካኤል ፀጋዬ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም ስላልተስማማው ወደ ካሜራ ዞረ። ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው የባማኮ የፎቶግራፍ ጉባኤ ለአፍሪካውያን ትልቁ መገናኛ ነው። የድሮ ምስል ለሚሻ ደግሞ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ።

አንሥቶ መሄድ ብቻ ግን አይበቃም፤ ታትሞ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። በብዙ የሸዋ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ አንድ ክፈፍ አለ። መሐሉ ላይ የሠርግ ፎቶ፤ በመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያ የተሰኩ ጉርድ ፎቶዎች፣ የወታደሩ፣ የተማሪዋ፣ አረብ አገር የሄደችው። ለቅሶ የደረሰ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ይነቀላል፤ ፎቶ ቤት ተወስዶ እንዲያድግ ይሰጣል። አንዳንዴ ለእናት ከዚያች መታወቂያ ላይ ካለችው በቀር ሌላ አይገኝም፤ ማኅተሙ ጥግ ላይ ከነክቡ ወጥቶ፣ ያቺኑ ታቅፈው ያለቅሳሉ።