ኦርዮም ተቆጥሯል

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዳዊትን ኃያላን የሚዘረዝረውን ክፍል (2ኛ ሳሙኤል 23) ብዙዎቻችን በችኮላ እናልፈዋለን፤ ለመጥራት የሚያስቸግሩ ስሞች እንጂ ትምህርት ያለበት አይመስለንምና። ነገር ግን ዝርዝሩ የሚያበቃው በኬጢያዊው ኦርዮ ነው። ይህ ወታደር ንጉሡ ሚስቱን ከወሰደበት በኋላ ስለ ገዛ ሞቱ የተጻፈውን ደብዳቤ ይዞ ወደ ኢዮአብ የተላከ፣ ሰልፉ በበረታበት ስፍራ ጓደኞቹ እንዲሸሹበት ተደርጎ የወደቀ ሰው ነው። ለዳዊት ክብር ብቻ የሚጨነቅ ጸሐፊ ቢሆን ስሙን ለመተው ምክንያት አያጣም ነበር። ቅዱስ ማቴዎስም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ ሰሎሞን «ከኦርዮ ሚስት» መወለዱን ሳይሸሽግ ጽፎታል (1፥6)።

የመንደር የጦርነት መታሰቢያዎችንም በዚህ መንፈስ ልናያቸው ይገባል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ ብቻ ከ30,000 የሚበልጡ መታሰቢያዎች ቆመዋል። ብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ የወደቁትን ወታደሮች አስከሬን ወደ አገር መመለስን ስለ ከለከለች፣ እናቶች ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር በአቅራቢያቸው አልነበራቸውም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በመንገድ መገናኛ የቆመው ድንጋይ የመቃብሩን ቦታ ተካ። በብዙዎቹ ላይ ስሞቹ በፊደል ተራ ሰፍረዋል፤ የባለርስቱ ልጅ ከእርሻ ሠራተኛው ልጅ ሥር ሊገኝ ይችላል። አንድ የቤተሰብ ስም ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲታይም ከአንድ ቤት ስንት ሰው እንደ ጎደለ ማንም ሳይነግረን እንረዳለን።

ሥጋቸው በሰላም እንደ ተቀበረ፣ ስማቸው ግን ለዘለዓለም እንደሚኖር ከሚናገረው የመጽሐፈ ሲራክ ቃል (44፥14) የኋለኛው ክፍል በብሪታንያ ትልልቅ ወታደራዊ መካነ መቃብሮች በሚቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ቃሉን የመረጠውም ልጁን በዚያው ጦርነት ያጣ አባት ነበር። ይኸው ምዕራፍ ግን ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ መታሰቢያ የሌላቸው፣ እንዳልተፈጠሩ የሆኑ ሰዎችም እንዳሉ ይናገራል። ይህኛው በድንጋዩ ላይ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ሁለቱን ነጥሎ ማንበብ ተገቢ አይመስለኝም። የወደቁትን በጸሎት ስናስብ ስማቸው በክብር የሚጠራውን ብቻ እያሰብን፣ አሟሟቱ የሚያሳፍረንን ወይም የሚከሰንን ሰው በዝምታ የምናልፍ ከሆነ፣ የምናከብረው ሟቾቹን ሳይሆን የራሳችንን መልካም ስም ነው።

በዚያ ጦርነት ከድታችኋል ወይም ፈርታችኋል ተብለው በገዛ ሠራዊታቸው የተረሸኑ የብሪታንያ ወታደሮች ነበሩ። ከመካከላቸው 306ቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ይቅርታ ተደረገላቸው፤ እስከዚያ ድረስ ግን የአንዳንዶቹ ስም ከመንደራቸው ድንጋይ ላይ ቀርቶ፣ ቤተሰባቸው ኀዘኑን ከእፍረት ጋር ተሸክሞ ኖሯል። ፉልስቶው በምትባል የእንግሊዝ መንደር ግን የተረሸነው ልጃቸው ከሌሎቹ ጋር እንደማይጻፍ ባወቁ ጊዜ፣ የመንደሩ ሰዎች እርሱ ከቀረ የማንም ስም አይጻፍ አሉ። ልጆቻቸውን የቀበሩበትን ቦታ እንኳ ያላዩ ወላጆች ለአንድ የተናቀ ቤተሰብ ሲሉ ያንን አንድ መጽናኛ ትተው ኖሩ። የእርሱም ስም ከጓደኞቹ ጋር የሰፈረበት መታሰቢያ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ያን ውሳኔ ከወሰኑት ወላጆች አንዳቸውም ይህን ለማየት አልደረሱም።